የመልእክት ታማኝነት በዳግማዊ ምኒልክ ሕይወት፤ ከእንጦጦ ቤተ መንግሥት እስከ ሰሙ ሲሊንደርና እስከ ዲጂታል ድምፅ

መግቢያ

የአንድን የታሪክ ሰው ሕይወት የሚጽፍ ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ የሚመረኮዘው በደብዳቤ፣ በዜና መዋዕልና በዓይን ምስክር ቃል ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከእነዚህ ሌላ የገዛ ድምፃቸውንም ትተው አልፈዋል። በ1891 ዓ.ም. በፎኖግራፍ ተቀርጾ ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ ጣይቱ ቃል ዛሬም ይደመጣል። ይሁን እንጂ የዛሬ አድማጭ ያንን ቃል የሚሰማው ከሰሙ ላይ አይደለም፤ ድምፁ ወደ ቁጥር ተለውጦ፣ ቁጥሩም ከዲጂታል ወደ አናሎግ በሚቀይር መሣሪያ አማካይነት እንደገና ድምፅ ሆኖ ነው። በዚህም የተነሣ ምን ዓይነት መቀየሪያ ቢመረጥ ድምፁ ይበልጥ ይጠራል የሚለው ጥያቄ ከቤት ሙዚቃ ወዳጆች አልፎ የድምፅ ቅርሶችን ወደሚያጠኑ ተመራማሪዎች ደርሷል።

ይህ ጽሑፍ የምኒልክን ሕይወት የሚመለከተው መልእክት ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ ሲለወጥ ምን ይተርፋል፣ ምንስ ይጠፋል ከሚለው ጥያቄ አንጻር ነው። ጥያቄው ለንጉሠ ነገሥቱ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የአገር ነጻነት የተመሠረተበት ነበር። የተጠቀሱት ዘመናት እ.ኤ.አ. ካልተባሉ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከአንጎለላ እስከ መቅደላ

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው በኋላ የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው እጅጋየሁ፣ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። የተወለዱበት ስም ሣህለ ማርያም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲያስገብሩ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፤ ልጁም ተማርኮ ወደ ሰሜን ተወሰደ። ምኒልክ እስከ 1857 ዓ.ም. ድረስ በቴዎድሮስ እጅ፣ በኋላም በመቅደላ አምባ ቆዩ።

ያ ቆይታ በብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የፖለቲካ ትምህርት ቤት ተደርጎ ይታያል። ወጣቱ ምኒልክ አንድ ገዥ የውጭ ባለሙያዎችን ሰብስቦ መድፍ ለማሠራት ምን ያህል እንደሚደክም በቅርብ ተመልክተዋል። ካመለጡ በኋላ ደግሞ ሌላ ትምህርት ከሩቅ ተከትሏል። ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ማጣቱ የአውሮፓውያንን መታሰር፣ መታሰራቸው የ1860 ዓ.ም.ን የእንግሊዝ ዘመቻ፣ ዘመቻውም የንጉሠ ነገሥቱን ሞት አስከተለ። አንድ መልእክት በመንገድ ላይ ቢቀር መንግሥት እስከ መውደቅ የሚያደርስ መዘዝ እንደሚያመጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም።

ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ሲገቡ ንግሥናቸውን ዐወጁ። መጀመሪያ የተቀመጡት በአንኮበርና በአካባቢው ነበር። ከዚያ ጀምሮ ደብዳቤ ወደ ውጭ መላክና የእጅ ባለሙያ ማስመጣት የዘወትር ሥራቸው ሆነ። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በሥራቸው ለረጅም ዘመን ቆይቷል፤ ድልድይ ከመሥራት ጀምሮ እስከ ውጭ ጉዳይ አማካሪነት ደርሷል።

እንጦጦ፤ ከፍታና ርቀት

በ1870ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አዛወሩ። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ምርጫው ወታደራዊ ነበር፤ ከተራራው ጫፍ ላይ ሆኖ በደቡብ ያለው ሰፊ ሜዳ በሙሉ ይታያል። የቀድሞ ነገሥታት መናገሻ በዚሁ አካባቢ ነበር የሚለው ትውፊትም ለምርጫው ክብር ሰጥቶታል። ምኒልክ በ1875 ዓ.ም. ያገቧቸው ጣይቱ ብጡል በዚህ ከተማ የቤተ መንግሥቱ ሁለተኛ ምሰሶ ሆኑ።

ይሁን እንጂ እንጦጦ ለምሽግነት እንጂ ለኑሮ አይመችም ነበር። ብርዱና ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ውኃ መቅዳት አድካሚ ነበር፤ ማገዶውም ፈጥኖ አለቀ። ስለሆነም በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ ከተራራው በታች፣ በፍልውኃ አቅራቢያ፣ ቤት እንዲሠራ አድርገው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት፤ መንግሥቱም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። እንጦጦ ግን የሥርዓት ቦታነቱን ወዲያው አልተወም። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ከወደቁ በኋላ፣ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ማቴዎስ እጅ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ደፉ።

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ንግሣቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት በደብዳቤ አሳወቁ። የመጣው መልስ ከጠበቁት የተለየ ነበር።

አንቀጽ 17፤ በትርጉም የጠፋ ነጻነት

ከዘውዱ በዓል ስድስት ወር በፊት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ጋር የውጫሌን ውል ተፈራርመው ነበር። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። በአማርኛው ቅጂ አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚቻላቸው ይናገራል። በኢጣልያንኛው ግን ቃሉ የመፍቀድ ሳይሆን የመገደድ መንፈስ ነበረው። በአንድ ግሥ ለውጥ አንድ ነጻ መንግሥት የሌላ መንግሥት ጥገኛ ተባለ።

ልዩነቱ በግልጽ የወጣው የንግሣቸው ደብዳቤ ሄዶ መልሱ ሲመለስ ነው። ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያና ከጀርመን የመጣው መልስ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ ጋር መነጋገር ያለባት በኢጣልያ በኩል መሆኑን የሚያመለክት ነበር። ምኒልክ የተናገሩት ቃል በአንድ መልክ ገብቶ በሌላ መልክ እንደወጣ የተረዱት ከመስመሩ ዳር ካለው ተቀባይ ነው። በመካከል የቆመው አስተላላፊ ራሱ ተጠቃሚ ነበርና ስሕተቱ እንዲታረም አልፈለገም።

ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን በመጀመሪያ በደብዳቤ ልውውጥ ለማቃናት ሞከሩ። እቴጌ ጣይቱ የኢጣልያንኛውን አተረጓጎም አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ግንባር ቀደም ነበሩ። ንግግሩ ፍሬ ባለማፍራቱ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። ክርክሩ የተቋጨው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌ ውል ተሰርዞ የኢትዮጵያ ሙሉ ነጻነት ታወቀ።

ከዚህ ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው። በትርጉሙ ላይ የጠፋው ነገር ከዚያ በኋላ በተላኩት ደብዳቤዎች ብዛትም ሆነ ውበት ሊመለስ አልቻለም። ጉዳቱ የደረሰው በመጀመሪያው ለውጥ ላይ ነበርና።

የካ፤ ለጋሲዮኖቹ የሰፈሩበት ግርጌ

ከዐድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ የመልእክተኞች መዳረሻ ሆነች። በሬኔል ሮድ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ በ1889 ዓ.ም. መጥቶ ግንቦት 7 ቀን ውል ተፈራረመ። የፈረንሳይና የሩሲያ መንግሥታትም ወኪሎቻቸውን ላኩ። ምኒልክ ለእነዚህ መንግሥታት የሰጡት ቦታ ከቤተ መንግሥቱ ወደ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ፣ ከቀበና ወንዝ ማዶ፣ ከእንጦጦ ሰንሰለት ግርጌ ነበር። የአካባቢው ክፍል ዛሬም ድረስ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በመባል ይጠራል። የእንግሊዝና የሩሲያ ኤምባሲዎችም በዚያው በዛሬው የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛሉ።

ቦታው ባዶ አልነበረም። የየካ ሚካኤል ደብር በዚያ ነው፤ ከበላዩ ባለው ተራራ ላይ ደግሞ ከድንጋይ የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍም ቀስ በቀስ የእንጦጦንና የየካን ገደላገደል ሸፈነ። በማገዶ እጥረት መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እንዲቀር ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ዛፍ ነው።

ለጋሲዮኖቹ በመናገሻው ውስጥ መስፈራቸው የውጫሌን ችግር በተግባር የሚፈታ ነበር። የእንግሊዝ ንግሥት መልእክት ከእንግዲህ በሮም በኩል መዞር አያስፈልገውም፤ ከየካ ተነሥቶ ቀበናን ተሻግሮ ወደ ግቢ ይደርሳል። በዚህ አዲስ መስመር ከመጡት መልእክቶች ሁሉ ለየት ያለው በሰም ላይ የተቀረጸው ነው።

በሰም ላይ የተቀረጸ ቃል

ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ መሣሪያው በሰም ሲሊንደር የሚሠራ፣ ከአገር ወደ አገር ሊጓጓዝ የሚችል ዕቃ ሆኗል። አሠራሩ ቀላል ነው። ተናጋሪው በጡሩንባው አፍ ውስጥ ይናገራል፤ የድምፁ ግፊት በጡሩንባው ጫፍ ያለውን ስስ ሽፋን ያርገበግባል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው መርፌ በሚሽከረከረው ሰም ላይ ጥልቀቱ ከፍ ዝቅ የሚል ቦይ ይቀርጻል። መልሶ ለማጫወት ሂደቱ ይገለበጣል። በመካከል ኤሌክትሪክም ማጉያም የለም፤ ሰሙን የሚቆርጠው የተናጋሪው የራሱ ትንፋሽ ኃይል ነው። አንዱ ሲሊንደር የሚይዘው ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲሆን በተጫወተ ቁጥርም ሰሙ ይፋቃል።

ንግሥት ቪክቶሪያ ለምኒልክና ለጣይቱ የላኩትን የሰላምታ ቃል የቀረጹት በነሐሴ 1890 ዓ.ም. ነው። ቃሉን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ጆን ሌን ሃሪንግተን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቃሉን በክብር ቆመው እንዳደመጡትና መድፍ እንዲተኮስ እንዳዘዙ ይነገራል። የንግሥቲቱ ሲሊንደር ከተደመጠ በኋላ በራሳቸው ትእዛዝ እንዲጠፋ ተደረገ። የነገሥታት ድምፅ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ መባዛት እንደሚችል በመሣሪያው የመጀመሪያ ዘመን መታወቁን ይህ ትእዛዝ ያሳያል።

የዘመኑ ሁኔታ መታየት አለበት። ንግሥቲቱ ቃላቸውን በቀረጹበት ሰሞን የእንግሊዝና የግብፅ ጦር በአባይ ዳር ወደ ኦምዱርማን እየገሰገሰ ነበር። አንድ ወር ሳይሞላ ኦምዱርማን ላይ የመሐዲስቶች ኃይል ተሰበረ። ሃሪንግተን ቃሉን ይዞ ሲመጣ እንግሊዝ የኢትዮጵያ የምዕራብ ጎረቤት ሆና ነበር። ስለዚህ የምኒልክ መልስ የአክብሮት ሰላምታ ብቻ ሊሆን አይችልም።

በ1891 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በአማርኛ ተናግረው የመልስ ቃላቸውን አስቀረጹ። ምኒልክ የንግሥቲቱን ቃል በመስማታቸው መደሰታቸውን ከገለጹ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ገቡ፤ ዐፄ ዮሐንስ ስለ ሃይማኖታቸው የወደቁባት የመተማ ከተማ ለኢትዮጵያ እንድትሆን እርዳታ ጠየቁ። ሁለት ደቂቃ ገደማ ብቻ በሚይዝ ሰም ላይ የወሰን ጥያቄ ማንሣታቸው ለመሣሪያው የነበራቸውን ግምት ያሳያል። ለአውሮፓውያኑ ልውውጡ የአዲስ ጥበብ ትርኢት ሊሆን ይችላል፤ ለምኒልክ ግን በመካከሉ ተርጓሚም ሆነ ሦስተኛ መንግሥት ቃሉን ሊለውጥበት የማይችል የዲፕሎማሲ ሰነድ ነበር። ትርጉም ማስፈለጉ አልቀረም፤ ነገር ግን አማርኛው ራሱ ከትርጉሙ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ማመሳከር ይቻላል። በውጫሌ የጎደለው ይህ ነበር።

ጥያቄው ግን የተመለሰው በግማሽ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የወሰን ውል መሠረት አካባቢው ለሁለት ተከፍሎ መተማ በኢትዮጵያ፣ ከወዲያ ያለው ጋላባት በሱዳን ወገን ቀረ። ታማኝ መልእክት መድረሱ ተቀባዩን ለማስማማት ብቻውን በቂ አልነበረም።

የመሣሪያ ምርጫ እንደ መንግሥት ሥራ

ፎኖግራፉ ብቻውን የቆመ ጉዳይ አልነበረም። ራስ መኮንን በ1882 ዓ.ም. ገደማ ከኢጣልያ ጉዟቸው ሲመለሱ ስልክ ይዘው እንደመጡና አንዳንድ ካህናት ሰው ሳይታይ የሚሰማውን ድምፅ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙት ይነገራል። ምኒልክ ግን አልተዉትም። ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የሽቦ መስመር ከባሕር በር የሚመጣውን ወሬ ከበቅሎ መልእክተኛ ቀድሞ እንዲደርስ አደረገ። የፖስታ ቴምብር፣ የራሳቸው መልክ ያለበት ገንዘብ፣ የባቡር ሐዲድ ውልና በኋላም ባንክ የዚያው ዘመን ሥራዎች ናቸው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ ሲገባ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት አልነበሩም።

ከእነዚህ ውስጥ ስልኩ፣ ፖስታውና ፎኖግራፉ የሚጋሩት ባሕርይ አለ፤ ሁሉም በላኪና በተቀባይ መካከል የሚቆመውን እጅ የሚቀንሱ ናቸው። ምኒልክ አዲስ ነገር ወዳድ ነበሩ የሚለው የተለመደ አስተያየት ትክክል ቢሆንም ያልተሟላ ነው። በውጫሌ ውል የተጎዳ መንግሥት መልእክቱ ሳይለወጥ የሚደርስበትን መንገድ መፈለጉ ከጉጉት ያለፈ ምክንያት ነበረው።

የሙዚቃ ቀረጻም ከዚሁ ቤተ መንግሥት ጋር የተያያዘ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ የመኪና ነገር እንዲማሩ ወደ ጀርመን የላኳቸው ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ፣ በዚያ ሳሉ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። እነዚህ ሸክላዎች የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ የንግድ ቅጂዎች ተደርገው ይቆጠራሉ፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም ወደ ዲጂታል ተዛውረው በሲዲ ታትመዋል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ ጤና ተናጋ። ከተደጋጋሚ ሕመም በኋላ በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው ዐወጁ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የደረሰባቸው ከባድ የአንጎል ደም መፍሰስ ሽባነት አስከትሎ አንደበታቸውን ዘጋ። ከዚያ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የተባለው ነገር ሁሉ የሚነገረው በሌሎች አንደበት ነበር። ማን ይናገርላቸው የሚለው ጥያቄ የቤተ መንግሥቱ ዋና ፉክክር ሆነ፤ እቴጌ ጣይቱም በመጋቢት 1902 ዓ.ም. በመኳንንቱ ስምምነት ከሥልጣን ተገለሉ። ዕድሜውን ቃሉ እንዳይለወጥበት ሲታገል የኖረ ንጉሥ በመጨረሻ ከአራት ዓመት በላይ ያለ ቃል ኖረ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸውም ለጊዜው ተደበቀ። ጣይቱ ቀሪ ዘመናቸውን ያሳለፉት ወደ እንጦጦ ተመልሰው፣ ዘውድ በደፉበት በማርያም ደብር አጠገብ ነው፤ በየካቲት 1910 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ። የሁለቱም ዐፅም በኋላ በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ።

ሰሙ በዲጂታል ዘመን፤ የመቀየሪያ ምርጫ

የ1891 ዓ.ም.ን ቅጂ የሚያጠና ተመራማሪ ሦስት ለውጦችን ማሰብ ይኖርበታል፤ ከአንደበት ወደ ሰም፣ ከሰም ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ወደ ጆሮ። በገበያ ላይ ብዙ የሚወራለት ሦስተኛው ነው። የተሻለ የዲጂታል መቀየሪያ ቢገዛ የንጉሠ ነገሥቱ ድምፅ ይበልጥ ይለያል የሚለው ግምት በስሌት መፈተን አለበት።

የጡሩንባ ቀረጻ በጥቅሉ የሚይዘው ከ200 ኸርዝ አካባቢ እስከ 3,000 ኸርዝ ገደማ ያለውን የድምፅ ክልል ነው። በናሙና ንድፈ ሐሳብ መሠረት ይህን ክልል በሙሉ ለመያዝ በሰከንድ ከ6,000 ጥቂት የሚበልጡ ናሙናዎች ይበቃሉ። ተራ ሲዲ 44,100 ናሙና አለው። የ16 ቢት ቅጂ በንድፈ ሐሳብ 96 ዴሲቤል ያህል የድምፅ ስፋት ሲኖረው፣ የሰም ሲሊንደር የራሱ የመፋቅ ጫጫታ ከዚህ እጅግ ባነሰ ስፋት ውስጥ ያቆመዋል። ስለሆነም ርካሹ ደኅና መቀየሪያ እንኳ ሰሙ የያዘውን ሁሉ ለማውጣት ከበቂ በላይ ነው።

የጠፋው በመጀመሪያው ለውጥ ላይ ነው። የሰ እና የሸ ፉጨት ኃይል በአብዛኛው ከሰሙ የላይኛ ወሰን በላይ ስለሚገኝ እነዚህን ድምፆች ከሌሎች የፍትጊያ ድምፆች መለየት ያስቸግራል፤ አድማጩ የሚሞላው ከዐውዱ ነው። በአንጻሩ ጥብቀትና ላልቶ መነበብ በጊዜ ርዝመት የሚለዩ በመሆናቸው በሰሙ ላይ ይተርፋሉ። ይህ ለአማርኛ ሥነ ድምፅ ተመራማሪ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሆኖም በማጫወቻው ፍጥነት ላይ የተመሠረተ ነው። በዚያ ዘመን ሲሊንደሮች በደቂቃ ከ120 እስከ 160 ዙር ባለው ልዩ ልዩ ፍጥነት ይቀረጹ ነበር። በ120 የተቀረጸ ቃል በ160 ቢጫወት ድምፁ በሙዚቃ ስሌት በአራተኛ ርቀት ይቀጥናል፤ የቃሉም ርዝመት በሩብ ያጥራል። በተሳሳተ ፍጥነት ወደ ቁጥር የተዛወረ ቅጂ የተናጋሪውን ዕድሜና ጠባይ ሳይቀር ያሳስታል፤ ይህንንም የትኛውም መቀየሪያ በራሱ አያርመውም።

በዚህ ምክንያት ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ክብደት የሚሰጠው ለሁለተኛው ለውጥ ነው። ለቅርስ ቅጂ 24 ቢትና 96,000 ናሙና ይመክራል፤ ዋናው ቅጂ ጫጫታው ሳይጠረግ እንዲቀመጥም ያሳስባል። የዛሬው ጫጫታ ማጥሪያ የድምፁን ቅሪት አብሮ ሊወስድ ይችላልና።

ታዲያ የመቀየሪያው ምርጫ ትርጉም የለውም ማለት ነውን? አይደለም፤ ግን መመዘኛው ይለወጣል። በአዲስ አበባ ቤቶች 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ላይ ኮምፒዩተርና ማጉያ በየራሳቸው ሶኬት ሲሠሩ በመሬት ሽቦ በኩል ጉምጉምታ ይገባል። የ50 ኸርዝ ብዜቶች የሆኑት 250ና 300 ኸርዝ የሚወድቁት የተናጋሪው ድምፅ በሚጀምርበት ክልል ላይ ነው። ስለዚህ ከኮምፒዩተሩ በኤሌክትሪክ የተነጠለ ወይም በብርሃን ገመድ የሚቀበል፣ የራሱ ጫጫታ ዝቅ ያለ፣ የማዳመጫውን ጆሮ ጌጥ ሳይጨነቅ የሚነዳ መቀየሪያ ለጥናት ይጠቅማል። የናሙናው ቁጥር ከፍ ማለቱ ወይም የመሣሪያው ሣጥን መክበዱ ግን በዚህ ቅጂ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ሁለት መሣሪያዎችን ማነጻጸርም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጆሮ በጥቂቱ ከፍ ያለውን ድምፅ የጠራ አድርጎ ስለሚቀበል የሁለቱ ድምፅ መጠን ከ0.1 ወይም 0.2 ዴሲቤል ባልበለጠ ልዩነት እኩል መደረግ አለበት፤ አድማጩም የትኛው መሣሪያ እንደሚሠራ ማወቅ የለበትም። ይህ ሲሟላ በደኅና መሣሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ማጠቃለያ

በምኒልክ ሕይወት ውስጥ በውጫሌ ውልና በሰሙ ሲሊንደር መካከል ያለው ዝምድና ሁለቱም ስለ ለውጥ ማስተማራቸው ነው። በውጫሌ ቃሉ የጎደለው ከአማርኛ ወደ ኢጣልያንኛ ሲሻገር በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነበር፤ በኋላ የተጻፉት ደብዳቤዎች አላቃኑትም። በሰሙም ላይ ጡሩንባው ያልያዘውን ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚገዛ መሣሪያ አይመልሰውም። የምርምር ተቋማት ውስን ገንዘባቸውን የሚመድቡት ለማዳመጫ ዕቃ ሳይሆን ለመጀመሪያው ጥንቁቅ ዝውውር ቢሆን ከዚህ ታሪክ ጋር ይስማማል። በየቤቱና በየደብሩ ያሉ የቆዩ ሸክላዎች፣ ሪሎችና ካሴቶች ከሰሙ ሲሊንደር የተሻለ ድምፅ ይዘዋል፤ ግን እነርሱም በየዓመቱ ይበላሻሉ።

ምኒልክ የመረጡት መንገድም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። በፎኖግራፉ ያላቸውን ጥቂት ጊዜ ያዋሉት ለመተማ ጥያቄ ነበር፤ መሣሪያው ሊሸከም የሚችለውን ዐውቀው ዋናውን ጉዳይ ጫኑበት። የመተማ ጥያቄ በፈለጉት መንገድ ባይፈጸምም፣ ጥያቄው በራሳቸው ቋንቋና በራሳቸው አንደበት ለመነገሩ ማስረጃው አልጠፋም።